ፀጉር ቤት ለቀለም ስንት ትከፍላላችሁ?

ዛሬ ስለ ብር ነው የማወራችሁ። ገፁ አልተጠለፈም፣ አትደንግጡ፤ ወደ ጤናው እመጣለሁ።

ከጥቂት ወራት በፊት ተረኛ በነበርኩበት አንድ እሁድ ጠዋት፣ አንዲት ወጣት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ታናሽ እህቷ እየመራቻት ገባች። ነጠላው ሲገለጥ ሁለቱም የዓይን ቆቦቿ አብጠው ተዘግተዋል። ግንባሯ፣ ጆሮዎቿና ማጅራቷ ቀልተዋል፤ ፀጉሯ የሚጀምርበት ዳር ዳሩ ውሃ ቋጥሮ ያዣል። ፀጉሯ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ በጣም የሚያምር ጥቁር ቡናማ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ዶክተር፣ ፊቴ እንዲህ ሆኖ ይቀራል እንዴ?» ብላ ነው። ቀጥላ ደግሞ «ለዚህ እኮ 2,800 ብር ነው የከፈልኩት» አለችና ማልቀስ ጀመረች። በተዘጋ ዓይን ማልቀስ ያማል።

አርብ ከሥራ ስትወጣ ነው የተቀባችው። ቅዳሜ ጠዋት ማሳከክ ጀመራት፤ ማታ ላይ ግንባሯ ሲያብጥ እህቷ ሬት ቀባቻት፤ እሁድ ስትነቃ ማየት አልቻለችም። በሚቀጥለው ሳምንት የጓደኛዋ ሚዜ ናት። የምትሠራው ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ ሆና ሲሆን፣ ያልገባችበት ቀን አይከፈላትም። ካርድ፣ መድኃኒት፣ የታክሲ፣ ከሥራ የቀረችበት ቀን... እኔ ሒሳቡን አላነሳሁባትም፤ እሷ ግን በጣቶቿ ስትቆጥር አየኋት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ አላስቀምጥ ብሎኝ ሰፈሬ ያሉ ሦስት ፀጉር ቤቶች ገብቼ ዋጋ ጠየቅሁ። የመጀመሪያዋ «ቀለሙን ገዝተሽ ከመጣሽ የእጅ 700 ብር» አለችኝ። ሁለተኛው ቤት ከነቀለሙ 2,500 ብር ነው። ሦስተኛው መስታወቱና ወንበሩ የሚያብረቀርቅ ነው፤ «ከ5,000 ጀምሮ ነው፣ እንደ ፀጉሩ ርዝመት ይጨምራል» ተባልኩ። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ መገመት አይከብድም። ቀለሙ ከውጭ ነው የሚገባው፤ የቤት ኪራዩ አለ፤ የባለሙያዋ እጅ አለ። የኛ ፀጉር ጥቁር ስለሆነ ደግሞ ወርቃማ ወይም ቀላ ያለ ከለር የምትፈልግ ሴት በአንድ ቀን ሁለት ሥራ ነው የምታሠራው፤ መጀመሪያ የተፈጥሮ ቀለሙን በብሊች ማውጣት፣ ከዚያ አዲሱን ማስገባት። ለዚህ ዋጋው ቢጨምር አልፈርድም።

ለሦስቱም ያነሳሁት ሌላ ጥያቄ ነበር፦ «ከመቀባቴ በፊት ቆዳዬ ላይ ትሞክሩልኛላችሁ?» አንደኛዋ ሳቀች። ሁለተኛዋ «የኛ ቀለም ችግር ኖሮት አያውቅም» አለች። ሦስተኛው ቤት «አዎ፣ እጅሽ ላይ እናደርግና አሥራ አምስት ደቂቃ እንጠብቃለን» አሉኝ። የ5,000 ብሩም ቤት፣ የ700 ብሩም ቤት እዚህ ላይ እኩል ናቸው። አሥራ አምስት ደቂቃ የሚያሳየን ነገር በጣም ትንሽ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አብዛኞቹ የማይለቁ ጥቁርና ቡናማ የፀጉር ቀለሞች ውስጥ ፓራ-ፌኒሊን-ዳይአሚን የሚባል ኬሚካል ወይም የቅርብ ዘመዱ አለ። ስሙ ስለሚረዝም በምህፃር ፒፒዲ እንለዋለን። ይህ ነገር በጣም ደቃቅ ስለሆነ የፀጉሩን ሽፋን አልፎ ውስጥ ይገባል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከሚባለው፣ ከቀለሙ ጋር ከሚበጠበጠው ፈሳሽ ጋር ሲገናኝ እየተያያዘ ትልቅ ይሆናል፤ ቀለምም ያወጣል፤ ተመልሶ መውጣት ግን አይችልም። በሻምፑ የማይለቀው ለዚህ ነው። ጎበዝ ኬሚስትሪ ነው፣ አልክድም። ችግሩ ያው ደቃቅነቱ የራስ ቆዳችንም ውስጥ ያስገባዋል። በአንዳንድ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ያሉ የመከላከያ ሕዋሳት እንደ ጠላት ይመዘግቡታል። የተመዘገበ ቀን ምንም ላይሰማችሁ ይችላል። በሌላ ጊዜ ስትቀቡ ግን ሕዋሳቱ ያስታውሱታል፤ ተጠራርተው እስኪመጡ ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ሊወስድባቸው ይችላል። አርብ ተቀብታ እሁድ ዓይኗ የተዘጋው ለዚህ ነው። «ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ተቀብቼ ምንም አልሆንኩም» የሚለውም መተማመኛ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ያቺ ልጅ ግን የፀጉር ቀለም ስትቀባ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ምላ ነገረችኝ። ታዲያ ሰውነቷ የት አውቆት ነው? «ጥቁር ሂና ተቀብተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «አምና ድሬዳዋ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ» አለች። እጇ ላይ የተሳለው አበባ አሳክኳት፣ ቀለሙ ከጠፋ በኋላም ቅርፁ እንዳበጠ ለሳምንታት ቆይቶ ነበር። «ሂና ስለማይስማማኝ ነው ብዬ ተውኩት።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። ሂና ቅጠል ነው። የእውነተኛው ሂና ቀለም ወደ ብርቱካናማና ቀይ ቡናማ የሚያደላ ሲሆን፣ በደንብ እንዲይዝ ለሰዓታት መቆየት አለበት። በሠርግ ዋዜማ ሴቶች ተሰብስበው የሚቀቡት የቆየ ሂና ላይ ምንም ጠብ የለኝም። በግማሽ ሰዓት ከሰል የመሰለ ጥቁር የሚሆነው ግን ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የተጨመረበት ነው፤ መጠኑንም የሚቆጣጠረው የለም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ፀጉር ላይ የሚደረገው ቀለም ተበጥብጦ ሲያልቅ ፒፒዲው ከ2 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ በቀጥታ ቆዳ ላይ ለሥዕል መጠቀም ጭራሽ አይፈቀድም። እኛ ጋ ሕፃናት እጅ ላይ ሳይቀር ይሳላል። አንዴ አለርጂው ከያዘ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ነው።

ወደ ሙከራው ልመለስ። ለመቀባት ካሰባችሁበት ቀን 48 ሰዓት ቀደም ብላችሁ፣ የምትቀቡትን ያንኑ ቀለም በጣም ትንሽ፣ የሳንቲም ግማሽ እንኳ የማይሞላ፣ ከጆሯችሁ ጀርባ ወይም ክርናችሁ መታጠፊያ ላይ አድርጉና ይድረቅ። አትጠቡት። እንዴት እንደሚዘጋጅ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ተጽፏል (ማንም የማያነበው ወረቀት)። ካሳከካችሁ፣ ከቀላ ወይም ካበጠ ወዲያው አጥባችሁ ቀለሙን ተዉት። በየጊዜው መደገም አለበት፣ ቀለሙ ያው ቢሆንም። ፍፁም ነው አልላችሁም፤ ምንም ሳያሳይ ቀርቶ በኋላ የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ። ከዚህ በፊት በቀለም ወይም በጥቁር ሂና አብጣችሁ የምታውቁ ከሆነ ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩ፤ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ። ከእናንተ ጋር የምናወራው ስለ ጠብታ ሳይሆን ስለ ሙሉ መከልከል ነው።

ፀጉር ቤቶቹ ለምን ይህን አያደርጉም? ክፋት አይመስለኝም። ሁለተኛዋ ባለሙያ ቡና ስታቀርብልኝ እንዲህ አለችኝ፦ «እህቴ፣ ከነገ ወዲያ ተመለሺ ያልኳት ደንበኛ እኮ ፊት ለፊት ያለው ቤት ገብታ ተቀብታ ትወጣለች። እኔ የምበላው በሠራሁት ልክ ነው።» እውነቷን ነው። ስለዚህ ሸክሙን እሷ ላይ ብቻ አንጣለው። ዋጋ ልትጠይቁ ስትገቡ በዚያው ጠብታዋን አስደርጉ፤ ቀጠሮውን ለሦስተኛው ቀን ያዙ። ከዚህ ሁሉ ወጪ ውስጥ ነፃ የሆነው እሱ ብቻ ነው።

ስናወራ እጆቿን አየኋቸው። ጣቶቿ መሀል ተሰንጥቋል፣ ጥፍሮቿ ዙሪያ ደርቆ ተልጧል። ጓንት አለ፤ ግን አንዱን ጓንት አጥባ ገልብጣ ሳምንት ትጠቀምበታለች። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ጉዳዩን ሲያጠና፣ ቀለሙን አልፎ አልፎ ለሚቀባው ሰው ያለው መረጃ ለመፈረጅ አይበቃም ብሎ፣ በሙያው ውስጥ መዋልን ግን «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ የሚገመት» ምድብ ውስጥ ነው ያስገባው። «ቀለም ካንሰር ያመጣል?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ መልሴ ይኸው ነው፦ ከእናንተ ይልቅ የምታሳስበኝ ቀኑን ሙሉ የምትቀባችሁ ልጅ ናት። አዲስ ጓንት ይዛችሁላት ብትሄዱ አትቀየምም።

አሁን ደግሞ ስለ ዓመቱ ሒሳብ። ፀጉር በወር በአማካይ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ሽበት ለመሸፈን የምትቀባ ሴት በአምስተኛው ሳምንት ሥሩ ነጭ ሆኖ ታገኘዋለች። እና 2,500 ብር የአንድ ቀን ዋጋ አይደለም፤ በየአምስት ሳምንቱ ከሆነ በዓመት አሥር ጊዜ፣ 25,000 ብር ነው። እዚህ ላይ ኪሳችሁንም ጤናችሁንም የሚጠቅም ነገር አለ፦ ከሁለተኛው ጊዜ ጀምሮ «ሥሩን ብቻ» በሉ። ጫፉ አስቀድሞ ተቀብቷል፤ ደግሞ ደጋግሞ መቀባት ፀጉሩን ያደርቀዋል፣ ይሰብረዋል። ብዙ ቤቶች ለሥር ብቻ ይቀንሳሉ፣ ካልቀነሱ ተከራከሩ። የፀጉሩን ዘለላ እየለየ በፎይል የሚሠራው ሃይላይትም በጥንቃቄ ከተሠራ የራስ ቆዳን አይነካም።

አትቆጥቡበት የምላችሁ ደግሞ ጊዜ ላይ ነው። ሪላክሰርና ቀለም በአንድ ቀን «ሁለቱንም በአንዴ እንጨርስልሽ፣ እንቀንስልሻለን» ስትባሉ እምቢ በሉ፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይለፈው። ሹሩባ ፈትታችሁ ቆዳችሁ ቆስሎ ከሆነ እስኪድን ጠብቁ። ብሊች ተደርጎላችሁ ካስክ ውስጥ ተቀምጣችሁ ሲያቃጥላችሁ «እየሠራ ነው፣ ትንሽ ቻይው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተነሱና ታጠቡ። ማቃጠል ማለት ማቃጠል ነው። ቁስሉ ከጠለቀ እዚያ ቦታ ላይ ፀጉር ዳግም ላይበቅል ይችላል።

ቅንድብን በተመለከተ፦ «የተረፈችውን ቅንድብሽ ላይ ላድርግልሽ፣ በነፃ» የሚባል ምርቃት አለ። አትቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ይኸው የኬሚካል ዓይነት ያለበት የሽፋሽፍት ቀለም ሴቶችን አሳውሮ፣ አገሪቱ በ1938 የመዋቢያ ዕቃዎችን በሕግ እንድትቆጣጠር ካደረጓት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል። ወንዶች፣ ፂማችሁን የምታጠቁሩበት በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄትም ብዙ ጊዜ ከዚህ ቤተሰብ ነው፤ «አሞንያ የለውም» ወይም «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ ፒፒዲ የለውም ማለት አይደለም።

ከተቀባችሁ በኋላ ማሳከክ ከጀመረ ፀጉራችሁን በብዙ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሻምፑ ደጋግማችሁ እጠቡ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። ሬቱም፣ ቅቤውም፣ ጎረቤት ያላት ቅባትም ይቆይ። በተለይ ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ የሚገዙ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶችን ፊት ላይ እንዳትጀምሩ፤ ያንን ጉዳት ማከም ከዚህ ይብሳል። ዓይን ካበጠ ሐኪም ጋ መሄድ ግድ ነው። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ መተንፈስ ካስቸገረ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ልጅቷ በሚዋጥ መድኃኒት አምስተኛው ቀን ላይ ዓይኗ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ለክትትል ስትመጣ የጠየቀችኝ «ፀጉሬን ልቆረጠው?» ብላ ነበር። አያስፈልግም አልኳት፤ ቀለሙ ፀጉር ውስጥ ገብቶ ሥራውን ከጨረሰና በደንብ ከታጠበ በኋላ ብዙውን ጊዜ አያስቸግርም። የኬሚካሉን ስም ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋት፣ ከመታወቂያዋ ጋር እንድትይዘው፤ አንዳንድ የማደንዘዣ ቅባቶችና ጥቁር የጨርቅ ማቅለሚያዎችም ተመሳሳይ አለርጂ ሊቀሰቅሱባት ስለሚችሉ ለሐኪምም ለጥርስ ሐኪምም ታሳያለች።

ሚዜነቱም አልቀረባትም። ፀጉር ቤቱ ሄዳም ነግራቸዋለች፤ ደንግጠው ይቅርታ ጠይቀዋታል። ብሩን ግን አልመለሱላትም። በሚቀጥለው ስትመጪ ፎን በነፃ እንሠራልሻለን ብለዋታል።