ስለ አበሻ ሽንኩርት አተካከልና ስለ ዘሩ አጠባበቅ

በአገራችን ወጥ ያለ ሽንኩርት አይጣፍጥም። ሆኖም ብዙ ቤተ ሰብ የጓሮው መሬት ባዶውን እያደረ ሽንኩርቱን በየሳምንቱ ከገበያ ይገዛል። ጥቂት መደብና ጥቂት ውሃ ያለው ሰው ግን የአበሻን ሽንኩርት ከዓመት እስከ ዓመት ከገዛ ጓሮው ለማግኘት ይችላል። ለዚህም ከገንዘብ ይልቅ ዘርን መርጦ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ትልቁ ቀይ ሽንኩርት ጥቁሩ ፍሬው ተዘርቶ ችግኙ ይተከላል። የአበሻው ሽንኩርት ግን እንደ ነጭ ሽንኩርት ራሱ ይተከላል፤ አንዱም ራስ በመሬት ውስጥ ተከፋፍሎ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 የሚደርሱ ራሶች ያወጣል። የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ያወጣው ሁሩታ የተባለው ዝርያም የሚባዛው በዚሁ ዓይነት ነው። እንዲህ የተገኙት ልጆች በጠባይ ሁሉ እናታቸውን ይመስላሉ። ስለዚህ ከመልካሙ ራስ መልካሙ ይገኛል፤ በሽታ ያለበት ራስ ቢተከል ግን በሽታውም አብሮ ይባዛል።

ስለ ዘር ምርጫ

በብዙ ስፍራ መልካም መልካሙን ለገበያና ለወጥ አውጥቶ የተረፈውን ለዘር ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ይህ ነገር በየዓመቱ ሲደጋገም ዘሩ እየደከመ ይሄዳል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን በመሬቱ ያመካኛል። የሚሻለው ሽንኩርቱ ገና በመደቡ ላይ ሳለ ቅጠሉ ያማረውንና ጤናማውን በእንጨት ምልክት አድርጎ፣ በመከር ጊዜ ለብቻው መሰብሰብ ነው። ከዚያም ውስጥ ከ10 እስከ 15 ግራም የሚመዝነው፣ ሲጨብጡት ጠንካራ የሆነው፣ አንገቱም የደረቀው መካከለኛ ራስ ለዘር ይቀመጥ።

ስለ አተካከል

መሬቱ ውሃ የማይቋጥር ለስላሳ አፈር ይሁን፤ የበሰበሰ ፍግም ይደባለቅበት። በመስኖ ለሚተክል ከመስከረም ጀምሮ ያለው የበጋ ወራት ይስማማል። በክረምት የሚተክል ደግሞ ውሃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ ማድረግና ለቅጠል በሽታ መጠንቀቅ ይገባዋል። አዲስ የተነቀለ ራስ ወዲያው ቢተከል አበቃቀሉ ያልተስተካከለ ይሆናልና፣ ሁለት ወር ያህል ማሳረፍ ያስፈልጋል።

በመስመርና በመስመር መካከል 40፣ በራስና በራስ መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ይተው። ራሱ ሥሩ ወደ ታች ሆኖ ጫፉ ከአፈሩ ጋራ እስኪተካከል ብቻ ይቀበር። በመጀመሪያው ጊዜ በየሦስትና በየአራት ቀን፣ ኋላ ግን በየሳምንቱ ውሃ ይጠጣ። ሥሩ አጭር ስለ ሆነ ሲኮተኩቱ ጠልቆ መቆፈር አይገባም፤ አረሙም በጊዜው ይነቀል።

ለምሳሌ ርዝመቱ 4 ሜትር ወርዱ 2 ሜትር የሆነ መደብ 5 መስመር ይወጣዋል። በያንዳንዱ መስመር 20 ራስ ቢተከል ድምሩ 100 ይሆናል፤ ይኸውም ከአንድ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ዘር ነው። አንዱ ራስ አምስት ብቻ ቢያወጣ 500 ይገኛል። ከዚህ 100ው ለሚመጣው ተከላ፣ 30ው በጎተራ ለሚጠፋው ቢቀመጥ፣ ለቤት 370 ይተርፋል። ነገር ግን በችግር ጊዜ 130ው ከተበላ ቤቱ እንደ ገና ወደ ገበያ ይመለሳል። ስለዚህ የዘሩ ድርሻ አስቀድሞ ተቆጥሮ ለብቻው መቀመጥ አለበት።

ስለ አሰባሰብና ስለ አቀማመጥ

ከተተከለ ከ90 እስከ 120 ቀን ውስጥ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይወድቃል። ከመነቀሉ ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ውሃው ይቁም። ከተነቀለ በኋላ በጥላ ሥር ነፋስ እያገኘው ከሳምንት በላይ ይድረቅ። ለዘር የሚሆነው በቅጠሉ ታስሮ አየር በሚመላለስበት ቆጥ ላይ ይሰቀል፤ በጆንያ ታፍኖ የከረመ ግን ይበሰብሳል።

ዘር ከሌላ ስፍራ ሲመጣ

በደጋ አገር ሽንኩርትንና ነጭ ሽንኩርትን ከሥር የሚያበሰብስ አንድ ክፉ በሽታ አለ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፤ ራሱም ሲስቡት በቀላሉ ይነቀላል፤ በሥሩ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታና ከጤፍ ፍሬ የሚያንሱ ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። እነዚህ ነጥቦች በመሬት ውስጥ 20 ዓመት ያህል ሳይሞቱ ሊቈዩ ይችላሉ። በሽታው በዘርም፣ በዶማ ላይ በተጣበቀ አፈርም፣ በቦይ ውሃም ይተላለፋል። እንዲህ ያለው ተክል ከነአፈሩ ተነቅሎ ይቃጠል እንጂ ወደ ፍግ አይጣል፤ በዚያም መደብ የሽንኩርት ወገን ሁሉ ለብዙ ዓመት አይተከል።

እንግዲህ ዘር ላጣ ሕዝብ ሽንኩርት አስገዝቶ የሚያከፋፍል አስተዳዳሪ ርካሽነቱን ብቻ አይቶ አይግዛ። የሚታመን ሰው ልኮ ዘሩ የበቀለበትን እርሻ ከመከሩ በፊት ያስመርምር፤ የተጠረጠረውንም ይመልስ። በበጎ አሳብ የተሰጠ አንድ ኩንታል የታመመ ዘር በወረዳው ያሉትን ጓሮዎች ለአንድ ትውልድ ያህል ሊያበላሽ ይችላል። ጤነኛ ዘር ለጥቂት ትጉሃን ሰዎች ቢሰጥና እነርሱም አባዝተው በሚቀጥለው ዓመት ለጎረቤቶቻቸው ቢያካፍሉ ግን፣ ሥራው ቢዘገይም ጥቅሙ የጸና ይሆናል።