«ማስታገሻ» ሲባል ተስፋ ተቆረጠ ማለት ነው እንዴ?

ፒያሳ ካሉት መድኃኒት ቤቶች አንዱ ጋ ትንሽ ብትቆሙ «ማስታገሻ ስጪኝ» የሚል ሰው አታጡም። ለጥርስ፣ ለራስ ምታት፣ ለወገብ። ትንሽ አለፍ ብሎ ማኪያቶ የያዙ ሰዎች ስለ ኑሮ ያወራሉ፦ «ባክህ ይሄማ ማስታገሻ ነው!» ቃሉ አንድ ነው። አንዱ እየፈለገው፣ ሌላው እየሰደበበት።

ማስታገሻ «ታገሠ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ እንድትችሉት የሚያደርግ ነገር። «መድኃኒት» ደግሞ ከ«ዳነ» ጋር ዘመድ ነው፤ መድኃኔዓለም ስንል ያለው ያው ቃል ነው። አንዱ አድንሃለሁ ይላል፣ ሌላው ቻለው። ጊዜያዊ መፍትሔን ማስታገሻ ብለን የምናጣጥለውም ለዚህ ነው፤ ሕመሙ እዚያው አለ፣ ትዕግሥቱን የምታዋጡት እናንተ ናችሁ።

ፈረንጆቹም ከዚህ ጥርጣሬ አላመለጡም። ሐኪሞች «ፓሊየቲቭ» የሚሉት ቃል ምንጩ ላቲን ነው። (ለነገሩ ፒያሳም በጣልያን በኩል የመጣ ላቲን ነው፤ «ፕላቴያ»፣ ሰፊ መንገድ።) «ፓሊየም» ካባ ማለት ነው፤ ከሱ «ፓሊያሬ» የሚል ግስ ወጣ፣ ካባ ማልበስ። በኋላ ጥፋትን ሸፋፍኖ ማለፍም በዚሁ ቃል ተጠራ።

«ፕላሴቦ» ደግሞ ይብሳል። ትርጉሙ «ደስ አሰኛለሁ» ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ለሙታን የሚደረግ ጸሎት በዚህ ቃል ይጀምር ስለነበር፣ ሟቹን ሳያውቁ ለጥቅም ብለው ለቅሶ ላይ የሚዘምሩ ሰዎች መጠሪያ ሆነ። ከዚያ የአሽቃባጭ ስም። ሕመምተኛን ለማስደሰት ብቻ የሚሰጥ ክኒን በዚህ ስም የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው።

ችግሩ ይህን ሁሉ ጥርጣሬ ይዘን ሆስፒታል ስንገባ ነው። ሐኪም «የማስታገሻ ሕክምና» ሲል ቤተሰብ የሚሰማው «በቃ፣ ተስፋ ቆረጡ» የሚል ነው። ሞርፊን ከተነሳማ አለቀ።

እውነታው ሌላ ነው። ይህ ሕክምና ሕመምን፣ የትንፋሽ ማጠርን፣ ጭንቀትን ማቃለል ነው፤ ከኬሞቴራፒና ከጨረር ሕክምና ጋር ጎን ለጎን፣ ከመጀመሪያው ሊሰጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የቦስተን ጥናት የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸውን 151 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። የማስታገሻ ሕክምናን ገና ከጅምሩ ከመደበኛው ጋር ያገኙት ቡድን አማካይ ዕድሜ 11.6 ወር ሆነ፤ መደበኛውን ብቻ ያገኙት 8.9 ወር። ሌላ ካንሰር ላይ ውጤቱ ይኸው ይሆናል ማለት አይደለም፣ ግን «ማስታገሻ ሞትን ያፋጥናል» ለሚል ሰው ጥሩ መልስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 56.8 ሚሊዮን ሰው ይህ ሕክምና ያስፈልገዋል ብሎ ይገምታል። የሚያገኘው 14 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

እኔ የካባውን ቃል በጋቢ ብተረጉመው ይሻለኛል። ጋቢ ነውር መሸፈኛም ሊሆን ይችላል፣ ግን የታመመ ሰው ላይ የምንደርበው እንዲሞቀው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ በዚህ መንገድ ይረዳል። «ሆስፒስ» ራሱ እንግዳ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ቤታችሁ የታመመ ካለ ደግሞ ሐኪሙን «ሕመሙን ለመቀነስ ምን እናድርግ?» ብሎ ለመጠየቅ የመጨረሻውን ቀን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ምርመራው በተነገረ ቀን መጠየቅ ይቻላል።