የመጀመሪያው ሳምንት ኪሎ ስብ ነው ወይስ ውሃ?

ቦርጭ ለማጥፋት ቆርጠው የተነሱ ሰዎች እንጀራና ዳቦ፣ ፓስታና ሩዝ፣ ስኳርና ለስላሳ ባቆሙ በሳምንታቸው ሚዛን ላይ ሲወጡ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ኪሎ ቀንሰው ራሳቸውን ያገኙታል። ደስታው አይጣል ነው! በዚህ አያያዝ በወር አስር ኪሎ ይወርዳል የሚል ስሌትም ይጀመራል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሚዛኑ ፍሬን ይይዛል። በሦስተኛው ጭራሽ ንቅንቅ አልል ይላል። ይሄኔ ብዙው ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ እንጀራው ይመለሳል፤ የጠፋው ኪሎም በሁለት በሦስት ቀን ከተፍ ይላል።

ታዲያ መጀመሪያ የጠፋው ምን ነበር? መልሱን የሚያውቁት የማራቶን ሯጮች ናቸው።

ሰውነታችን ከካርቦሃይድሬት የሚያገኘውን ጉልበት ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጡንቻና በጉበት ውስጥ ያከማቻል። በአንድ አዋቂ ሰው ውስጥ ክምችቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይሆናል። ጨዋታው ወዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ግማሽ ኪሎው ከነውሃው ሁለት ኪሎ መዘነ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ በ1966 ዮናስ ቤርግስትሮምና ኤሪክ ሁልትማን የተባሉ ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች ራሳቸውን መሞከሪያ አደረጉ። በአንድ ብስክሌት ግራና ቀኝ ሆነው፣ እያንዳንዳቸው በአንድ እግራቸው ብቻ እስኪዝሉ ድረስ ፔዳል መቱ። ከዚያ ለሦስት ቀን ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ በልተው ከሁለቱም እግራቸው በመርፌ ጥቂት ጡንቻ ተወሰደ። የሠራው እግር ካረፈው እግር እጥፍ ያህል ግላይኮጅን አከማችቶ ተገኘ።

ሯጮች ይህን ሲሰሙ ዝም አላሉም። እንግሊዛዊው ሮን ሂል እ.ኤ.አ በ1969 አቴንስ ላይ ለተካሄደው የአውሮፓ ሻምፒዮና ሲዘጋጅ መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ካርቦሃይድሬት ቀነሰ፤ ውድድሩ ሲቃረብ ደግሞ በገፍ በላ። ሲመራ የነበረውን ቤልጂየማዊ ጋስቶን ሮላንትስን መጨረሻ ላይ ደርሶበት በ2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ወርቁን ወሰደ። እንዲህ የተዘጋጀ ሯጭ በውድድሩ ዋዜማ ሚዛን ላይ ቢወጣ አንድ ሁለት ኪሎ ጨምሮ ሊገኝ ይችላል። ማንም ግን ወፈረ አይለውም። የጨመረው ነዳጅና ውሃ ነዋ!

እንጀራና ፓስታ ያቆመው ሰው የዚህን ግልባጭ ነው የሚሠራው። ምግቡ ሲቀር ሰውነት ክምችቱን ይጠቀማል፤ ታስሮ የነበረው ውሃም ይለቀቃል። በዚያ ላይ ኢንሱሊን ስለሚቀንስ ኩላሊት ጨውን በብዛት ያስወጣል፤ ጨው ሲወጣ ውሃ ይከተለዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽንት የሚመላለሰው፣ ራስ የሚያመውና አቅም የሚያንሰው ለዚህ ነው።

ሂሳቡም ይህንኑ ይመሰክራል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። በሳምንት ሦስት ኪሎ ስብ ለማቃጠል በየቀኑ የ3,300 ካሎሪ ጉድለት ያስፈልጋል። ተራው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ምንም ሳይቀምስ ቢሰነብት እንኳ ይህን ያህል አይደርስም።

ይህ ማለት ግን አመጋገቡ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ጠግበው እየበሉ ካሎሪ ለመቀነስ ለሚመቻቸው ሰዎች ይሠራል። እ.ኤ.አ በ2018 ይፋ የሆነው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 609 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ሲከታተል ካርቦሃይድሬት የቀነሱት በአማካይ 6 ኪሎ፣ ቅባት የቀነሱት ደግሞ 5.3 ኪሎ ቀንሰዋል። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። በአንደኛው ሳምንት ከነፋስ የፈጠነው ሰው በዓመቱ ከሌላው እኩል ይደርሳል።

እናም ጀማሪዎች ሆይ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አትፈንጥዙ፤ በሁለተኛውም አትደንግጡ። ሚዛኑ ቀጥ ያለ ሲመስል እውነተኛው ስብ ቀስ እያለ እየሄደ ሊሆን ይችላል። በየቀኑ ሚዛን ላይ ከመውጣት በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት በባዶ ሆድ መመዘንና ወገብን በሜትር መለካት ይበልጣል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይጀምሩት፤ ምግቡ ሲቀየር የመድኃኒቱ መጠንም መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።