ካድሚየም በእርሻ አፈርና በንግድ ዕቃ

ከአንድ የአውሮፓ ደንበኛ ለአሠሪዬ በመጣ ደብዳቤ ውስጥ፣ ከዋጋና ከክብደት ጥያቄ ቀጥሎ፣ የሚላከው የቅባት እህል ምን ያህል ካድሚየም እንዳለበት በላቦራቶሪ ተመርምሮ ይገለጽልን የሚል ቃል ነበረበት። ከሃያ ዓመት በላይ የንግድ ደብዳቤ ስጽፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው። አሠሪዬም «ዕቃችን ንጹሕ ነው፤ አበጥረንና ነፍተን ነው የምንልከው» አሉ። ነገር ግን ካድሚየም በወንፊት የሚለይ ጕድፍ አይደለም፤ ተክሉ በሥሩ ከአፈር የሚስበው ከባድ ብረት ነውና።

የጉዳቱን ታላቅነት ከጃፓን ታሪክ መረዳት ይቻላል። በቶያማ ግዛት ከካሚዮካ የማዕድን ማውጫ የሚወርደው ፍሳሽ የጂንዙን ወንዝ ስለ በከለው፣ በዚያ ውሃ የሚለማው የሩዝ እርሻ ካድሚየም ገባበት። ሩዙን የበሉት ሰዎች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ አጥንታቸው እየሳሳ በጽኑ ሥቃይ ተያዙ። የአገሩ መንግሥት የበሽታው ምክንያት ይኸው መሆኑን ያስታወቀው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. ነው።

ማዕድን በማይወጣበት ስፍራም ቢሆን አንዳንዱ አፈር ብረቱን ከተፈጠረበት ድንጋይ ይወርሳል፤ አንዳንዱም ከፋብሪካ ፍሳሽ ይቀበላል። አስመጪዎችን ይበልጥ የሚመለከተው ግን የፎስፌት ማዳበሪያ ነው። ከባሕር ደለል የተገኘ ፎስፌት፣ ከቀለጠ ዐለት በርዶ ከተፈጠረው ይልቅ ብዙውን ጊዜ ካድሚየም ይበዛበታል። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በኅብረቱ ምልክት የሚሸጥ የፎስፌት ማዳበሪያ በአንድ ኪሎ ፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ ከ60 ሚሊግራም የበለጠ ካድሚየም እንዳይኖርበት ደንግጓል።

ሆኖም እኩል ካድሚየም ያለባቸው ሁለት ማሳዎች እኩል አያበቅሉትም። ኮምጣጣ አፈር ብረቱን ለተክሉ ይለቅቃል፤ ሸክላነትና ብስባሽ የበዛበት አፈር ግን አጥብቆ ይይዘዋል። በአገራችን ምዕራባዊ ደጋዎች ብዙ ዝናብ አፈሩን አጥቦ ያኮመጠጠው መሆኑ የታወቀ ነው። አሞኒየም ያለበት ማዳበሪያም በየዓመቱ ሲደጋገም ይህንኑ ያብሳል። ኖራ መጨመር በጣም ይረዳል፤ ግን ብረቱን አያስወግደውም፤ ኖራው ተቋርጦ አፈሩ ዳግመኛ ሲኮመጥጥ ካድሚየሙም ይለቀቃል። ገበሬውን «ኖራ ጨምረሃልን?» ብሎ የሚጠይቅ ላኪ እስካሁን አላየሁም።

አሠሪዬ በመጨረሻ ተስማሙ። የየወረዳው እህል ሳይደባለቅ ናሙናው ለየብቻ ተወስዶ ለምርመራ ተሰጥቷል፤ ቢደባለቅ ኖሮ የአንዱ ማሳ ጉድለት የሌላውን ኩንታል ባስወቀሰ ነበር። ለማዳበሪያ አቅራቢያቸውም የካድሚየሙ ልክ በምስክር ወረቀት ይገለጽ ዘንድ ደብዳቤ ጽፌአለሁ።