ባውዛው ሲበራ ማን ወጣ?

ደብረ ማርቆስ ላይ አመሻሽ ከመንገድ መብራት ሥር ቆም ብሎ ሽቅብ ለተመለከተ ሰው ነገሩ ግልጽ ይመስላል። የእሳት እራት አምፖሉን ይከበዋል፤ የሌሊት ወፍ ከጨለማው ብቅ ትልና አንዷን ቀልባ ትሰወራለች። መብራት ለሌሊት ወፍ ድግስ ነው ያሰኛል።

ስዊድናዊው ተመራማሪ የንስ ሪዴልም በመንገድ መብራት ሥር ያየው ይህንኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ጥናት የሌሊት ወፎች ነፍሳት የሚሰበሰቡባቸውን መብራቶች እየመረጡ እንደሚያድኑ አሳየ። ነጩ የሜርኩሪ አምፖል ከብርቱካናማው የሶዲየም አምፖል ይልቅ ብዙ ነፍሳት ይስባል። በ1998 ደግሞ ከአንድ ባልደረባው ጋር ሌላ ነገር አገኘ። ብዙ የእሳት እራቶች ጆሮ አላቸው፤ የሌሊት ወፏ የምታሰማውን፣ እኛ የማንሰማውን ቀጭን ጩኸት ሲሰሙ ወደ መሬት ይወረወራሉ። በሜርኩሪ መብራት ሥር ግን ብዙዎቹ ይህን ማምለጫ አይጠቀሙበትም። አማርኛችን ለእሳት እራትነት የዳረጋት ፍጥረት የሌሊት ወፍ እራት ሆና አረፈች።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ መብራት በበዛ ቁጥር የሌሊት ወፍም ይበዛል ባልን ነበር። ሪዴል ግን ሌላ የቆየ መዝገብ ነበረው። በ1980ዎቹ በደቡብ ምዕራብ ስዊድን በገጠር ቤተክርስቲያናት ኮርኒስ ላይ እየወጣ፣ ባለረጅም ጆሮዎቹ የሌሊት ወፎች የት የት እንደሚኖሩ መዝግቧል። እንስሳቱን ባያገኝ ኩሳቸው ይነግረዋል። በ2016 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተመልሶ 110 ቤተክርስቲያናትን አዳረሰ። ቀድሞ ካያቸው ቤተክርስቲያናት መካከል መንጋ ያለባቸው ከ61 በመቶ ወደ 38 በመቶ ወርደው ጠበቁት።

ምን ተለወጠ? በመሃሉ ከቤተክርስቲያናቱ ብዙዎቹ ለውበት ሲባል በውጭ በኩል ባውዛ ተገጥሞላቸዋል። በጨለማ የቆዩት መንጋቸውን እንደያዙ ነበር። የሌሊት ወፍ የለቀቀቻቸው ባውዛ የበራባቸው ናቸው።

የመንገዱ መብራት እያበላ የደብሩ መብራት የሚያባርረው ለምንድን ነው? የሌሊት ወፍ ብለን በአንድ ስም የምንጠራት አንድ ዓይነት ስላልሆነች ነው። በመንገድ መብራት ላይ የሚመላለሱት ፈጣን በራሪዎች ናቸው። ባለረጅም ጆሮዋ ግን ሰፊ ክንፍ ይዛ በዛፍ መሃል በዝግታ የምትበር ናት፤ በብርሃን ብትወጣ አሞራ ይነጥቃታል፣ ስለዚህ ትፈራለች ተብሎ ይታሰባል። እንግሊዝ ውስጥ በ2009 እነ ኤማ ስቶን ሌላ ዓይናፋር ዝርያ በሚመላለስበት የቁጥቋጦ አጥር ላይ መብራት ቢሰቅሉ፣ መንገዱ በአንድ ጊዜ ጭር አለ። ሃንጋሪ ውስጥ በ2007 የወጣ ጥናት ደግሞ መብራት በበራባቸው ሕንፃዎች የሚያድጉ ግልገሎች ከሌሎቹ አንሰው መገኘታቸውን ያሳያል። እናቶቹ ብርሃኑን ፈርተው ዘግይተው ስለሚወጡ፣ ነፍሳት የሚበዛበት የምሽት ሰዓት ያልፋቸዋል።

ይህ ለጎጃም ምኑ ነው የሚል ካለ፣ የስዊድኗ ባለረጅም ጆሮ ዘመድ በኢትዮጵያ ደጋ አለች። በ2000 የሩሲያ ተመራማሪዎቹ ክሩስኮፕና ላቭሬንቼንኮ ከባሌ ተራሮች አግኝተው ፕሌኮተስ ባሌንሲስ ብለው ሰይመዋታል። የጎጃም አሮጌ ቤተክርስቲያናትም በጽድና በወይራ ደን የተከበቡ ናቸው፤ ለዝግተኛ በራሪ ከዚህ የተሻለ ሰፈር አይገኝም። እርግጥ ኩሱን መጥረግ ለዲያቆኑ ደስ የሚል ሥራ አይደለም፤ ሽታውንም የሚወድ የለም። ቢሆንም ይህች ፍጥረት ሌሊቱን ሙሉ ነፍሳት ስትለቅም ታድራለች።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፣ ለደብራችሁ ባውዛ ስትገዙ ወደ ሰማይና ወደ ጣሪያው ሳይሆን ወደ መሬት አዙሩት፤ በደኑ በኩል ያለውንም ጎን በጨለማው ተዉት።