ዋጫ ለእንግድነት ከሕፃን ጋር፦ በአንድ ክፍል እንዴት ይታደራል?
ለመስቀል ወደ ካፋዋ ዋጫ የምትመጡ ወላጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ይህንኑ ነው። እንደ ሕፃናት ነርስ ስመልስ ከመኝታው እጀምራለሁ።

ሕፃኑ ከእናንተ ጋር አንድ ክፍል ማደሩ ጥሩ ነው፤ ቢያንስ እስከ 6 ወር ይመከራልም። የሚያሰጋው አንድ አልጋ መጋራት ነው፤ በተለይ አባት የካፋን ማር ጠጅ ቀምሶ ከተኛ። ከአልጋችሁ አጠገብ ጠንከር ያለ ጠፍጣፋ ፍራሽ አንጥፉለት፤ በጀርባው አስተኙት፤ ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ አርቁ።

ሌሊቱ ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሆነ አያቶች በጋቢ ላይ ጋቢ ይጠቀልሉታል (ማን ይከለክላቸዋል!)። እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ልብስ ብቻ ጨምሩለት፤ ፊቱን አትሸፍኑ። ማጅራቱን ካላበው በዝቶበታል።

የማልደራደረው በከሰል ነው። ቡናው ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ ማንደጃው «ቤቱን ያሙቅ» ተብሎ ይቀራል። ጭሱ ጠፍቶ ፍም የቀረው ከሰል የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል የተኛን ቤተሰብ ሳይነቃ ይገድላል። ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃው ይውጣ፤ የዕጣኑም ጭስ እንዲሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ4 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን፣ የቀኑን ጨምሮ፣ ከ12 እስከ 16 ሰዓት መተኛት አለበት። ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ ሲመጣ መኪና ውስጥ ሲያንቀላፋ የዋለ ሕፃን ማታ ቢነጫነጭ አይግረማችሁ። መብራቱን አጥፉ፣ በለመደው ሰዓት አጥቡት፣ ድምፃችሁን ቀንሱ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ አያሳስባችሁ፤ እሱ እንዲያውም ያስተኛል።

ትኩሳት ያለው፣ ጡት እምቢ ያለ ወይም አልነቃ ያለ ሕፃን ካያችሁ ግን ሳይነጋ ጤና ተቋም አድርሱት።