ዘጠኙ መናብርት

በዋሽንግተን ከተማ፣ ከኮንግረሱ አዳራሽ በስተ ምሥራቅ፣ በነጭ ዕብነ በረድ ታንጾ በ1935 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጠቅሳለን) በተከፈተው ሕንፃ ውስጥ የሚሰየመው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከ300 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጥ ሲሆን፣ ዳኞቹ ግን ከዋናው ዳኛ ጋር ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ፕሬዚዳንቱ ያጯቸዋል፤ ሴኔቱ መርምሮ ያጸድቃል፤ ከተሾሙም በኋላ የሾማቸውን ሳይፈሩና ውለታ ሳይዛቸው እንዲፈርዱ፣ መልካም ጠባይ እስካላቸው ድረስ ከመንበራቸው የሚያወርዳቸው የለም።

ከብዙዎቹ አቤቱታዎች ውስጥ ቢያንስ አራት ዳኞች ይታይ ያሉት ብቻ ለክርክር ይቀርባል። ለመምከር በሚሰበሰቡበት ክፍል ከዘጠኙ በቀር ጸሓፊ እንኳ አይገባም፤ ከመቀመጣቸው አስቀድሞ እያንዳንዱ የቀሩትን ስምንቱን በየተራ ይጨብጣል፤ ዋናው ዳኛ ሐሳቡን በመጀመሪያ ከገለጠ በኋላ ሌሎቹ በሢመታቸው ቅደም ተከተል ይናገራሉ፤ በሩም ሲንኳኳ ተነሥቶ የሚከፍተው በሹመት የመጨረሻው ዳኛ ነው። ለምልአተ ጉባኤ ስድስት ይበቃሉ፤ አንዱ ከነገሩ ራሱን አግልሎ ድምፁ እኩል ለእኩል ቢከፈል የበታቹ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይጸናል። በእነዚህ መናብርት ለብዙ ዘመን ነጭ ወንዶች ብቻ ሲቀመጡ ኖረው፣ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ቱርጉድ ማርሻል በ1967፣ የመጀመሪያይቱም ሴት ሳንድራ ዴይ ኦኮነር በ1981 ተሾሙ።

ዘጠኝ የሚለው ቍጥር ግን በሕገ መንግሥቱ ተጽፎ አይገኝም። 3ኛው አንቀጽ አንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲኖር አዝዞ ስለ ዳኞቹ ብዛት ዝም በማለቱ፣ ነገሩ ለኮንግረሱ ተራ ሕግ ቀረ። የ1789ኙ ሕግ ስድስት ዳኞችን ወሰነ። በዚያ ዘመን ዳኞቹ በየክፍለ አገሩ እየተዘዋወሩ ማስቻል ግዴታቸው ስለ ነበረ፣ አገሪቱ ወደ ምዕራብ በሰፋች ቍጥር ተዘዋዋሪው ችሎት እየበዛ፣ በ1807 ሰባት፣ በ1837 ዘጠኝ፣ በ1863 ደግሞ ዐሥር ሆኑ።

የአገር ስፋት ብቻ ሳይሆን የሥልጣን ጠብም እጁን አስገብቷል። በ1801፣ በምርጫ ድል የተነሣው ወገን ከመሰናበቱ በፊት፣ መንበር ሲለቀቅ ቍጥሩ ወደ አምስት ዝቅ እንዲል ደነገገ፤ አዲሱም ኮንግረስ በዓመቱ ሻረው። በ1866፣ ከፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ጋር የተፋጠጠው ኮንግረስ፣ ሰባት እስኪቀሩ ድረስ በሚለቀቀው መንበር ሌላ እንዳይሾም ከለከለ። ጆንሰን ከሥልጣን በወረዱበት በ1869 ቍጥሩ ወደ ዘጠኝ ተመለሰና እስከ ዛሬ ጸና።

ከዚያ ወዲህ ትልቁ ፈተና የመጣው በ1937 ነው። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት፣ ድኽነትን ለማስወገድ ያወጧቸውን ሕጎች ፍርድ ቤቱ በተደጋጋሚ ቢሽርባቸው፣ ዕድሜው ከ70 ዓመት አልፎ ጡረታ ባልወጣ በእያንዳንዱ ዳኛ አንጻር አንድ አዲስ ዳኛ እየተጨመረ እስከ ዐሥራ አምስት እንዲደርሱ ሐሳብ አቀረቡ። ሕዝቡ ከጥቂት ወራት በፊት በታላቅ ድምፅ መርጧቸው፣ በሴኔቱም የራሳቸው ፓርቲ እጅግ በዝቶ ሳለ፣ ሴኔቱ ሐሳቡን 70 ለ20 በሆነ ድምፅ ወደ ኮሚቴ መልሶ አስቀረው። ብዙዎቹ ተቃዋሚዎች የፕሬዚዳንቱን ሕጎች ይወዱ ነበር፤ ነገር ግን ዛሬ ለወዳጅ የተጨመረ መንበር ነገ ለባላጋራም እንደሚጨመር፣ የዚያን ጊዜም ፍርድ ቤቱ የአሸናፊው ወገን ጉዳይ አስፈጻሚ ሆኖ እንደሚቀር ተረዱ።

ዘጠኙን መናብርት እስከ ዛሬ ያጸናቸው ይህ ማስተዋል ነው። ኮንግረሱ ዛሬም በአንድ ተራ ሕግ ሊለውጣቸው ይችላል። ሠራዊትም ግምጃ ቤትም የሌለው ፍርድ ቤት ቃሉ የሚከበረው የተረታው ወገን ፍርዱን በጸጋ ሲቀበል ነውና፣ ጊዜ ያነሣው ወገን ሁሉ፣ እጁ እየቻለ የዳኞቹን ቍጥር ከመንካት መከልከሉ ለገዛ ራሱ መጠበቂያ ይሆነዋል።